በእስክሪብቶ የተጻፈ ዜሮ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ኬክ አመጡልኝ። በላዩ ላይ በሰማያዊ ክሬም ጎነ ሦስት ተስሎበታል፤ ሦስቱንም ማዕዘኖች ዘጠና ዘጠና ዲግሪ ብለው ጽፈውባቸዋል። ቀልድ ይሁን ስህተት አልገባኝም፤ ለመጠየቅም አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪን "ለምን?" ስል የኖርኩ ሰው በመጨረሻዋ ቀን ዝም ብዬ በላሁት። እንዲያውም ጥሩ ኬክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው ባገኘኝ ቁጥር "አሁን ምን ትሠራለህ?" ይለኛል። ምንም አልሠራም። ቁጭ ብዬ አስባለሁ። የማስበው ደግሞ በደንብ ስላስተማርኳቸው ልጆች አይደለም፤ እነሱ ኑሯቸውን ይኑሩ። የማስበው ስለ አንዲት ልጅ ነው። ይህንንም የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው፤ ግን እሷ ጋ ለመድረስ ከአሰላ መነሳት አለብኝ።

የመጀመሪያ ምድቤ አሰላ ነበር። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ፣ ሁሉን ያወቅሁ የሚመስለኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ስለ ደመወዜ ብዙ አልልም፤ ያን ጊዜ የማን መምህር ደመወዝ ይበቃ ነበር? የሒሳብ ክፍል ኃላፊው መምህር ወርቅነህ ይባሉ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ሰው።

መምህር ወርቅነህ ጂኦሜትሪ ሲያስተምሩ ማስመሪያ አይዙም። ሥዕሉን ሆን ብለው ያጣምሙታል። ሁለት ጎኑ እኩል ነው ያሉትን ጎነ ሦስት፣ አንዱን ጎን ከሌላው በስንዝር አስበልጠው ይስሉታል። ተማሪው ይንጫጫል።

"መምህር፣ ይኼ እኮ እኩል አይመስልም!"

"እኔ እኩል ነው አልኩ እንጂ ይመስላል አልኩ?" ይላሉ፤ ፊታቸው ፈገግ አይልም። "ዓይንህን ተወውና የተሰጠህን ይዘህ ሂድ።"

በመጀመሪያው ሳምንት መጽሐፍ አያስከፍቱም። አንዱን ልጅ አስነስተው "መስመር ምንድን ነው?" ይሉታል። "የነጥቦች ስብስብ" ይላል። "ነጥብስ?" "ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት።" "መስመርስ ምንድን ነው?" ልጁ ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ይመለሳል፤ ክፍሉ ይስቃል። ያን ጊዜ ጠመኔያቸውን ያስቀምጡና ያስረዳሉ፤ እያንዳንዱን ቃል በሌላ ቃል እንፍታ ካልን ስንዞር እንኖራለን፤ ስለዚህ ጥቂት ቃላትን ሳንፈታ፣ ጥቂት እውነቶችንም ያለ ማስረጃ ተቀብለን እንነሳለን። "ከዚያ ወዲያ ግን ማንንም አትመኑ" ይላሉ። "እኔንም ጭምር።" በዚያ ዘመን፣ መምህር ሲገባ ብድግ ብሎ በሚቆም ክፍል ውስጥ፣ ይህን የሚል መምህር እሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው።

ከልማዳቸው ሁሉ የገረመኝ ግን ፈተና ሲያርሙ ያየሁት ነው። ሌላውን ውጤት በቀይ እስክሪብቶ ይጽፋሉ፤ ዜሮን ግን በእርሳስ። ዜሮ ያገኘውን ልጅ በማግስቱ ይጠሩትና "የጻፍከውን አንብብልኝ" ይሉታል። ልጁ እየተንተባተበ ያነባል። ብዙውን ጊዜ ዜሮው ዜሮ ሆኖ ይቀራል፤ በእርሳሱ ላይ በእስክሪብቶ ይደግሙበታል። አንዳንዴ ግን ላጲስ ያነሳሉ። አንድ ቀን፣ ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ዜሮ ማለት ልጁ ምንም አላሰበም ማለት ነው" አሉኝ። "እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ለመናገር ወረቀቱን ማየት አይበቃኝም፤ ልጁን መስማት አለብኝ።"

ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ልማዱም የእኔ ሆነ።

ባለቤቴ ስፖንሰር አድርጋኝ ቶሮንቶ ስመጣ ያን ሁሉ ልማድ ይዤ ነበር፤ የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በአንድ የቢሮ ሕንፃ በር ላይ ሴኩሪቲ ሆኜ ሠራሁ። ዲግሪ ማስገምገም፣ ፎርም መሙላት፣ እንደገና ኮሌጅ ገብቶ መምህርነትን መማር፣ ሌላ ፎርም መሙላት። ከዚያ ሰፕላይ ቲቸር ሆንኩ፤ ጎህ ሲቀድ ስልክ ይደወልልኛል፣ ዛሬ ስካርብሮ ነገ ኢቶቢኮ እየሄድኩ የቀረ መምህር እተካለሁ። ስማቸውን እንኳ ሳላጠና ሦስት አራት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ፍሌሚንግደን ፓርክ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቋሚ ሥራ አገኘሁ። ርእሰ መምህሯ ቀና ሴት ነበረች፤ ሒሳብ ግን ትፈራለች። "ሚስተር ታደሰ፣ ውጤት በቀኑ ይግባልኝ፣ ሌላው የአንተ ጉዳይ ነው" አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ሠላሳ ልጆች ከየአገሩ መጥተው ተቀምጠዋል። የመምህር ወርቅነህን የአዙሪት ጨዋታ በስልካቸው አጫወትኳቸው፤ መዝገበ ቃላት ከፍተው "መስመር" የሚለውን ይፈልጋሉ፣ የተሰጠውን ፍቺ ደግሞ ይፈልጋሉ፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቃል ተመልሰው "መስመር" ላይ ያርፋሉ። አንዲት የአፍጋኒስታን ልጅ ተናዳ፣ "ታዲያ ማንም ምንም አያውቅም ማለት ነው?" አለችኝ። ያን ቀን ከአውቶቡስ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ ነው ቤቴ የገባሁት፤ ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኝ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ገባ። ልጁ ጎነ ሦስቱን በማውስ ይጎትታል፣ ስክሪኑ ማዕዘኑን ለክቶ ይነግረዋል። "ለምን እኩል ሆኑ?" ብዬ ስጠይቅ "ኮምፒውተሩ ነው ያለው" ይሉኛል። ሥዕል ማጣመም ቀረ፤ ማሽኑ የተጣመመ አይስልልህም። ማረጋገጥ የሚባለው ነገር ከመጽሐፉ ውስጥ በየዓመቱ እየሳሳ ሄደ። እኔ ግን በግትርነት አላስነካም አልኩ። ልጆቹ ሲያረጋግጡ ወረቀቱን ለሁለት ያሰምሩታል፤ በግራ የሚሉትን፣ በቀኝ ምክንያቱን። ከዚህ ቅርጽ የወጣ ከእኔ ዘንድ ነጥብ አያገኝም። ለጂኦሜትሪ የቆምኩ መስሎኝ ነበር፤ የቆምኩት ግን ለሁለት ዓምድ ነበር።

እርሳሱንም ተውኩት። ማንም ተው አላለኝም። ውጤት በቀኑ ኮምፒውተር ውስጥ መግባት አለበት፣ የማርመው ወረቀት መቶ ሃምሳ ነው፣ ልጅን ከክፍል በኋላ ለብቻ ማስቀረት ደግሞ እዚህ አገር ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰበብ ለፈለገ ሰው ሰበብ ሞልቷል።

ቃልኪዳን የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ዘጠነኛ ክፍል፣ አሥራ አራት ዓመቷ፤ አባቷ አቶ ደምሴ ከአገር ቤት ካስመጧት ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። አቶ ደምሴ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ልጃቸውን ለብቻቸው ነው የሚያሳድጉት። ልጅቷ እንግሊዝኛዋ ገና ነበር፣ አፏን ከፍታ አትናገርም። ደብተሯ ግን በቤት ንድፍ የተሞላ ነው፤ ክፍል፣ በር፣ መስኮት፣ ደረጃ። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አስቁሜ በአማርኛ "ይኼ ሁሉ የማን ቤት ነው?" አልኳት።

"የማንም አይደለም። አርክቴክት መሆን ስለምፈልግ ነው" አለችኝ። ስታወራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት ያኔ ነው።

አንድ ባልደረባዬ ባጠገባችን ሲያልፍ ቋንቋውን ሰማ። መምህራን ክፍል ውስጥ እየሳቀ "ዘመድህ ናት?" አለኝ። ክፋት አልነበረውም፤ ሰውዬው ሁልጊዜ እንደቀለደ ነው። እኔን ግን ይሉኝታ ያዘኝ። ለወገኑ ያደላል ቢሉኝስ? በስንት መከራ ያገኘሁት ወንበር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃልኪዳንን በአማርኛ ማናገር ተውኩ። የሌሎቹን ልጆች ስህተት ለዘብ አድርጌ ሳርም የእሷን አጠበቅኩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

በዚያን ጊዜ ልጆቹ የሚማሩት ሒሳብ በሁለት ይከፈል ነበር፤ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ክፍፍሉ ቀርቷል። አካዳሚክ የሚባለው ወደ ዩኒቨርሲቲ ያደርሳል። አፕላይድ የሚባለው አያደርስም። ከአፕላይድ መመለስ በወረቀት ላይ ይቻላል፤ ተመልሶ ያየሁት ልጅ ግን በጣት ይቆጠራል። በየዓመቱ የበረዶው ወራት ሳይወጣ ለሚቀጥለው ክፍል ፎርም ይሞላል፤ መምህሩ ሐሳቡን ይሰጣል፣ ወላጅ ይፈርማል።

ፎርሙ ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው ፈተና ሰጠሁ። ከባዱ ጥያቄ ይህ ነበር፦ የአንድ ጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች እኩል ከሆኑ፣ ከታች ያሉት ሁለት ማዕዘኖችም እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ። እኔ ያስተማርኩት መንገድ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጎን መካከል መስመር አውርዶ፣ ጎነ ሦስቱን ለሁለት ከፍሎ፣ ሁለቱን ቁራጮች ማወዳደር ነው። ቃልኪዳን መስመር አላወረደችም። ወረቀቷን ለሁለት አላሰመረችም። የጎነ ሦስቱን ስም ሁለት ጊዜ ጻፈች፤ መጀመሪያ ኤ ቢ ሲ፣ ቀጥሎ ፊደሎቹን አቀያይራ ኤ ሲ ቢ። በመካከላቸው "ያው ነው" የሚል ምልክት አደረገች። ከሥሩ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አንድ ቃል ጨመረች፤ "ገልብጠው" እንደማለት።

ሰዓቱን አየሁ። ይህች ልጅ የምታወዳድረው ብታጣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ጻፈች አልኩ። በቀይ እስክሪብቶ "አንድ ጎነ ሦስት ከራሱ ጋር አይወዳደርም" ብዬ ጻፍኩባት። ዜሮ ሰጠኋት። በእስክሪብቶ። አልጠራኋትም፤ አንብቢልኝ አላልኳትም።

በዚያች ዜሮ ውጤቷ ወረደ። ፎርሟ ላይ "አፕላይድ" ብዬ ሐሳብ ሰጠሁ።

ወላጆች በመጡበት ዕለት አቶ ደምሴ የሥራ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ከልጃቸው ጋር መጡ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቋንቋዋ ገና ነው፣ አካዳሚኩ ይከብዳታል፣ ብትወድቅ ሞራሏ ይነካል አልኳቸው። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ጠረጴዛውን ታያለች።

"እኔ ምን አውቃለሁ መምህር" አሉኝ። "ልጄ አደራዎ ናት። እርስዎ ያሉት ይሁን።"

ሌሎች ወላጆች ይከራከሩኛል፤ ጥያቄ ጽፈው የሚመጡ አሉ፣ ውጤቱን ከእኔ ጋር ቁጭ ብለው የሚያርሙ አሉ። የአገሬ ሰው ግን አደራ ብሎኝ ሄደ። ደስ እንዳለኝ አልክድም። በማግስቱ ቃልኪዳን የተፈረመውን ፎርም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ ሳታየኝ ወጣች። ከዚያ በኋላ ኮሪደር ላይ አያት ነበር። ደብተሯ ላይ ቤት እንደሌለ ያወቅኩት አንድ ቀን ወድቆባት ሳነሳላት ነው።

አራት ዓመት አለፈ። ቃልኪዳን ትምህርት ቤቱን ለቃ በወጣች ዓመት አንዲት መምህርት ለመሆን የምትማር ወጣት ለልምምድ እኔ ክፍል ተመደበች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እገመግማታለሁ። ያንኑ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈችና "መስመር ማውረድ አያስፈልግም" አለች። "ጎነ ሦስቱን ገልብጣችሁ ከራሱ ጋር አወዳድሩት። የግራው ጎን ከቀኙ፣ የቀኙ ከግራው ጋር እኩል ነው፤ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ያው ራሱ ነው። ስለዚህ ቢገለብጡት ልክ በራሱ ላይ ያርፋል፤ የታችኞቹ ማዕዘኖችም እኩል ናቸው። አለቀ።" ከጥንት ጀምሮ የታወቀ፣ ከሁሉም አጭሩ መንገድ መሆኑን እየሳቀች ነገረቻቸው።

እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ቦታ አንብቤው መሆን አለበት። የግምገማውን ወረቀት ይዤ እንደተቀመጥኩ ደወሉ ተደወለ። ማንም ሳያስተምራት፣ ቋንቋ ሳይኖራት፣ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከራሷ ያወጣችውን ነገር ነው ዜሮ ያልኩት።

ያን ዕለት መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። በማግስቱ አልኩ፣ ከዚያ ሰኔ ሲደርስ አልኩ፣ ከዚያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ መያዟን ሰማሁ። የተከበረ ሥራ ነው፤ እኔም ነገ ተነገ ወዲያ የእነሱን እጅ ነው የምጠብቀው። እሷ የፈለገችው ግን እሱን አልነበረም። አቶ ደምሴን ቤተ ክርስቲያን ሳያቸው በሌላ በር እወጣ ነበር። እንዲህ ስደበቅ ዓመታት ሄዱ።

ጡረታ መውጣቴ በተሰማ እሑድ ግን ግቢው ውስጥ ያዙኝ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

"እንኳን ለዚህ አበቃዎት መምህር። ልጄን አቅሟን አይተው የመሩልኝ እርስዎ ነዎት፤ ውለታዎን አልረሳም። ቅዳሜ ቤቴ ይምጡና ምሳ እንብላ።"

አቅሟን አይተው! ከዚህ በኋላ መሸሽ አልቻልኩም።

ቅዳሜ ሴንት ጄምስ ታውን ሄድኩ። ከሁለቱ አሳንሰሮች አንዱ ተበላሽቶ፣ የገበያ ከረጢት ከያዙ ሰዎች ጋር ብዙ ቆምኩ። አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ደርሼ ገና ሳልቀመጥ፣ "አቶ ደምሴ፣ የመጣሁት ለመመስገን አይደለም" አልኳቸው። ወረቀት አወጣሁና ጎነ ሦስቱን ሣልኩ። ልጅቷ የጻፈችውን፣ እኔ የጻፍኩባትን፣ በኋላ ያወቅኩትን፣ ካወቅኩም በኋላ ዝም ማለቴን ሁሉንም ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይኼን እኔ አውቀዋለሁ" አሉ።

"እንዴት?"

"ከእርስዎ ጋር ተነጋግረን የተመለስን ዕለት ፎርሙን ልፈርም አወጣሁ። 'አባዬ አትፈርም፣ ልክ ነኝ' አለችኝ። የቁርስ ሴሪያል ካርቶን በመቀስ ጎነ ሦስት አድርጋ ቆረጠች። እዚችው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረች። ከዚያ ካርቶኑን ገለበጠችና መልሳ አስቀመጠችው። 'አየህ?' አለችኝ።" የሣልኩትን ጎነ ሦስት በጣታቸው ነካ አደረጉ። "አየሁ እንጂ መምህር። ልክክ ብሎ ገጠመ። በዓይኔ በብረቱ አየሁት።"

"ከዚያስ?"

"ዝም በዪ፣ አስተማሪሽ ከአንቺ ያውቃል አልኳት። ፈረምኩ።"

ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ጠረጴዛ ከብበን ተቀምጠናል። ጥፋቱ የእኔ ነው ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደማይቀበሉኝ ከፊታቸው አየሁ። አደራውን የበላሁት እኔ ነኝ፤ ያጎረሱኝ ደግሞ እሳቸው። እንዲህ ተከባብረን ነው ልጅቷን የጎዳናት።

"ለእሷ ነግረዋታል?" አሉኝ።

"አልነገርኳትም።"

ስልካቸውን አንስተው ደወሉና ሰጡኝ።

"አባዬ፣ ምን ሆንክ? ሺፍት ላይ ነኝ እኮ፣ ለብሬክ ወጥቼ ነው ያነሳሁት" አለች።

"ቃልኪዳን፣ መምህር ታደሰ ነኝ።"

"ቲቸር? አባዬ ደህና ነው?"

"ደህና ናቸው" አልኳትና ቶሎ ቶሎ ነገርኳት፤ ፈተናውን፣ መገልበጧን፣ ዜሮውን። በስልኩ ውስጥ የሚገፋ ጋሪ ድምፅ ይሰማል። አንዲት አሮጊት በእንግሊዝኛ ሰው ትጣራለች።

"ሶ፣ ልክ ነበርኩ ነው የሚሉኝ?"

"ልክ ነበርሽ። እኔ ካስተማርኩሽ የተሻለ ነበር።"

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ላይ አንስቼ አየሁት።

"እኔ እኮ ቲቸር፣" አለች በመጨረሻ፣ "ካርቶኑን ስቆርጥ አጭበርብሬ ያገጠምኩት ነበር የሚመስለኝ። ኦልዌይስ እንደዛ ነበር የማስበው።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ።"

"ኦኬ ቲቸር። ብሬኬ አልቋል፣ ልግባ።"

ስልኩ ተዘጋ። አቶ ደምሴ ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው አፌን አፌን ያዩኛል።

"ምን አለች?" አሉኝ።

"ሥራ ገባች" አልኳቸው።